የ97 ሚሊዮን ፓውንዱ ውል፦ ኤድንብራ ላይ ጠያቂ አለ፣ ተጠያቂው የት ነው?

ክላይድ ዳር ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስኮትላንድ ውስጥ የሆኑ ሁለት ጉዳዮችን ጎን ለጎን ላስቀምጥና ሐሳባችሁን ልስማ። እዚህ ግላስጎው የምንኖር አበሾች ፖለቲካ ስናወራ ወሬያችን ወይ አዲስ አበባ ነው ወይ ለንደን። ሆስፒታሉን፣ የልጆቻችንን ትምህርት ቤት፣ አውቶቡሱን፣ ከደሞዛችን የሚቆረጠውን የገቢ ግብር ምጣኔ ሳይቀር የሚወስነው ግን የኤድንብራው መንግሥት ነው። እሱን የሚጠይቁት 129 የምክር ቤት አባላት ናቸው። እንዴት እንደሚጠይቁ ማየት የጀመርኩት በፌሪዎቹ፣ ማለትም ወደ ደሴቶች ሰውና መኪና በሚያሻግሩት መርከቦች፣ ጉዳይ ነው።

በትንሹ ልጀምር። የጤና ሚኒስትር የነበሩት ማይክል ማቲሰን በ2022 መጨረሻ ለእረፍት ሞሮኮ ሄዱ። የምክር ቤቱን አይፓድ ይዘው ነበር። የሮሚንግ (ከአገር ውጭ የኢንተርኔት) ሒሳቡ ወደ 11 ሺህ ፓውንድ መጣ። የሥራ ነው ተብሎ ከሕዝብ ገንዘብ ተከፈለ። ነገሩ በኖቬምበር 2023 አደባባይ ወጣ። ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ፋታ ነሷቸው። በመጨረሻ ሰውየው ምክር ቤት ቆመው ልጆቻቸው ኳስ ያዩበት እንደነበር ተናገሩ። ገንዘቡንም ከኪሳቸው መለሱ። በፌብሩዋሪ 2024 ሚኒስትርነቱን ለቀቁ። በኋላም ምክር ቤቱ ለ27 የስብሰባ ቀናት አገዳቸው፣ የ54 ቀን ደሞዛቸውንም ቀጣ።

ወደ ትልቁ ልምጣ። በኦክቶበር 2015 ሲማል የሚባለው መርከብ ገዥ የመንግሥት ድርጅት ፖርት ግላስጎው ካለው ፈርጉሰን ማሪን ጋር ተዋዋለ። ሁለት ፌሪዎች፣ 97 ሚሊዮን ፓውንድ። ሥራ መጀመር የነበረባቸው በ2018 ነው። በኖቬምበር 2017 ቀዳማዊት ሚኒስትር፣ ማለትም የስኮትላንድ መንግሥት መሪ፣ የነበሩት ኒኮላ ስተርጅን በተገኙበት የመጀመሪያዋ፣ ግሌን ሳኖክስ፣ ውሃ ነካች። የዚያን ቀን ፎቶ ፈልጋችሁ እዩት። ፊት ለፊት የሚታዩት ጥቁር መስኮቶች መስኮት አይደሉም። ብረቱ ላይ የተቀባ ቀለም ነው። ፋብሪካው በኦገስት 2019 ከሰረ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር መንግሥት ጠቀለለው። ግሌን ሳኖክስ መንገደኛ መጫን የጀመረችው በጃንዋሪ 2025 ነው። እህቷ ግሌን ሮዛ በ2024 ውሃ ብትነካም ርክክቧ ደጋግሞ ተራዝሟል። ወጪው ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ አልፏል።

በዚህ ሁሉ መሀል በፌሪዎቹ ምክንያት ሥልጣኑን የለቀቀ አንድ ሚኒስትር የለም።

ምክር ቤቱ ደግሞ ዝም አላለም። አንዱ ኮሚቴ በ2020 ግዥውን "ካታስትሮፊክ" (እጅግ አስከፊ) ውድቀት ብሎታል። ዋና ኦዲተሩ በ2022፣ የኦዲት ኮሚቴው በ2023 ሪፖርት አውጥተዋል። ታዲያ ለምንድነው አይፓዱ ሰው የጣለው፣ ፌሪው ያልጣለው? ይህ ያንገበግበኛል። የሁላችንም ግብር ነው።

---

ትዝብት 12 መለሰ፦

አይፓዱ የአንድ ሰው ነዋ። ሒሳቡ በስሙ መጣ። ፌሪው ላይ ግን ስንት አካል አለ? የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አለ፣ ሲማል አለ፣ ፋብሪካው አለ፣ መርከቦቹን የሚያንቀሳቅሰው ካልማክ አለ፣ ሚኒስትሮቹ አሉ። አንዱ ወደ ሌላው ጣቱን ሲቀስር ዓመቱ ያልቃል።

ምክር ቤቱ በየሐሙሱ ከቀዳማዊ ሚኒስትሩ ጋር የሚያደርገውን ጥያቄና መልስም አየዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ ይጀመራል። ተቃዋሚው ቁጥር ይጠራል። ቀዳማዊ ሚኒስትሩ ደግሞ የተቃዋሚው ፓርቲ ለንደን ላይ የሠራውን ይቆጥራል። የየራሳቸው ሰው ያጨበጭባል። እኔ ከዚያ ወጥቼ የማውቀው አዲስ ነገር የለም።

---

ሳይት ኢንጂነር መለሰ፦

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ኮንስትራክሽን ላይ ነው የምሠራው። ፖለቲካውን ለእናንተ ልተወው። ውሉን ግን ሳነብ የደነገጥኩበት አንድ ነገር አለ።

እኛ ጋ አሠሪው ቅድሚያ ክፍያ ከመልቀቁ በፊት ተቋራጩ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ከባንክ ወይም ከኢንሹራንስ ያመጣል። ሥራው ከተሰናከለ አሠሪው ወደ ባንኩ ሄዶ ገንዘቡን ይወስዳል። ያለዚያ ወረቀት ፋይናንስ ክፍሉ ቼክ አይጽፍም። በመርከብ ግንባታም ያው ነው። ገዥው ሥራው ሲሄድ በየደረጃው ይከፍላል፣ መርከቡ ግን እስኪያልቅ እጁ ላይ የለም። ስለዚህ መርከብ ሠሪው የከፈልከውን ሙሉ በሙሉ የሚመልስ የባንክ ዋስትና ይሰጣል። የዘርፉ ወግ ነው።

ፈርጉሰን ይህን ሙሉ ዋስትና ማቅረብ አልቻለም። ሲማል አልተመቸኝም ብሎ ስጋቱን ለመንግሥት አሳውቋል። ግን ቀጥሉ ተባለ። አናጢ ለቁም ሳጥን ቀብድ ሲጠይቅህ እንኳ ሱቅ ያለው መሆኑን ታያለህ! ፋብሪካው ሲከስር ከ97 ሚሊዮኑ ከ80 ሚሊዮን በላይ ተከፍሎ ነበር። መርከቦቹ ግን ገና ነበሩ። ክፍያው ከሥራው ጥራት ጋር በደንብ እንዳልታሰረም ኦዲተሩ ነቅሷል።

ስለዚህ ጥያቄው "ለምን ዘገየ" አይደለም። መርከብ ይዘገያል፣ ሕንፃም ይዘገያል። ጥያቄው "ያለ ሙሉ ዋስትና ፈርሙ ያለው ማነው? በምን ምክንያት?" ነው።

---

ክላይድ ዳር መለሰች፦

@ሳይት ኢንጂነር እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገሩን ነው ያነሳኸው። ዋና ኦዲተሩ ስቲቨን ቦይል በማርች 2022 ሪፖርታቸው የጻፉት ትልቁ ነጥብም ይኸው ነው። ሚኒስትሮች አደጋውን እያወቁ ውሉን ለምን እንዳጸደቁ የሚያስረዳ በቂ ሰነድ አላገኙም። ሰነዱ የለም! የ97 ሚሊዮን ፓውንድ ውሳኔ፣ ሰነዱ የለም።

---

መዝገብ ቤት መለሱ፦

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በአገር ቤት በአንድ ክልል በፋይናንስና በኦዲት ሥራ ላይ ነበርኩ። ክልሉን ልተወው።

ክላይድ ዳር የጻፈችው የመጨረሻ መስመር ላይ ነው ነገሩ ያለው። በኦዲት ሥራ ውስጥ ከባዱ ግኝት የተሰረቀ ገንዘብ አይደለም። የተሰረቀ ገንዘብ ዱካ አለው። ከባዱ "የውሳኔ ሰነድ አልቀረበም" የሚለው ነው። እሱ ከሆነ ማንንም መያዝ አትችልም። አስታውሳለሁ የሚል ሰው ይመጣል፣ አላስታውስም የሚል ሰው ይመጣል። ሁለቱም ተመስግነው ይሄዳሉ።

በእኛ መሥሪያ ቤቶች ያለ ሞዴል 22 ከንብረት ክፍል አንድ እስክሪብቶ አይወጣም። ለእስክሪብቶው ሦስት ሰው ይፈርማል። ትልቁ ውሳኔ ግን በስልክ ይወሰናል። "ከላይ ነው" ይባላል። ከዓመት በኋላ ኦዲተር ሲመጣ ለእስክሪብቶው ሰነድ አለ፣ ለሕንፃው የለም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስኮትላንድም ያው መሆኑን ሳነብ አዘንኩ እንጂ አልገረመኝም።

ስለ ጥያቄ አጠያየቅም ልበል። የክልላችን ምክር ቤት ጉባኤ ጥቂት ቀናት ነበር የሚቀመጠው። በእነዚያ ቀናት ሪፖርት ይሰማል፣ በጀት ይጸድቃል፣ ሹመት ይሰጣል። አባሉ ሰፊ ሪፖርት በእጁ የሚደርሰው ስብሰባው ሊጀመር ሲል ነው። ተነሥቶ የሚጠይቀው ስለ ወረዳው መንገድና ውሃ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መራጩ የላከው ለዚያ ነው። መልሱ ግን "በቀጣዩ በጀት ዓመት ትኩረት ተሰጥቶት ይሠራል" ይሆናል። ያልተወራረደ ሒሳብ ስንት ነው፣ ማን ዘንድ ነው፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው ብሎ የሚጠይቅ አባል ለማግኘት አባሉን ከስብሰባው በፊት ሰነዱን የሚያስነብበው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ኦዲተሩ ነው።

በኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። በስኮትላንድ ዋና ኦዲተሩን የሚያቀርበው ራሱ ምክር ቤቱ ነው፣ ንጉሡ ይሾማል። የሚመረመረው አካል እጩውን አያቀርብም። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ወጣቶች ይህን አስቡበት።

---

የቦሌ ልጅ መለሰ፦

እሺ ግን ስለ ስኮትላንድ ጀልባ እኛ ምን አገባን? የራሳችን ስንት አለ።

---

ክላይድ ዳር መለሰች፦

@የቦሌ ልጅ ወንድሜ፣ አንተን ላያገባህ ይችላል፣ እኛን ግን ያገባናል። አንድ ምሳሌ ልስጥህ።

ግላስጎው ጥገኝነት ጠይቀው መልስ የሚጠብቁ ብዙ ወገኖች አሉን። አብዛኞቹ መሥራት አይፈቀድላቸውም። ሳምንታዊ ድጎማቸው በጣም ትንሽ ነው። ጠበቃ ጋ፣ ሐኪም ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመሄድ የአውቶቡስ ሒሳቡ ራሱ ፈተና ነው። በ2023 መጨረሻ የስኮትላንድ መንግሥት ለጥገኝነት ጠያቂዎች ነፃ አውቶቡስ ብሎ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ቃል ገባ። በኦገስት 2024 በጀት የለም ብሎ ሰረዘው። የምክር ቤት አባላት አልተዉትም። በጽሑፍ ጠየቁ፣ በቃል ጠየቁ፣ በኦክቶበር 2024 ለክርክር አቀረቡት። በዚያ ክርክር ላይ መንግሥት ገንዘቡን ለቀጣዩ በጀት ዓመት እንደሚመልስ ተናገረ።

2 ሚሊዮኑን ከ400 ሚሊዮኑ ጎን አስቀምጠው። የእኛ ሰዎች "በጀት የለም" የተባሉት በዚያው መንግሥት ነው። ለዚህ ነው የሚያገባኝ።

---

የቦሌ ልጅ መለሰ፦

ገባኝ እህቴ። ቀጥሉ፣ እያነበብኩ ነው።

---

ፖርት ግላስጎው ሠፈሬ መለሰ፦

እኔ እዚሁ ፖርት ግላስጎው ነው የምኖረው። ሁላችሁም ገንዘቡን ብቻ ነው የምታወሩት። ፋብሪካውን ከመስኮቴ አየዋለሁ፣ ስለዚህ ሌላውን ጎን ልንገራችሁ።

በዚህ በክላይድ ወንዝ ዳር ድሮ የመርከብ ሠሪ ድርጅቶች ተደርድረው ነበር። ዛሬ በታችኛው ክላይድ የንግድ መርከብ የሚሠራ የቀረው ይኸው አንዱ ነው። በኦገስት 2014 ሊዘጋ ነበር። ጂም ማኮል የተባሉት ባለሀብት ገዝተው አዳኑት። የስኮትላንድ የነፃነት ሪፈረንደም ሊደረግ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። በ2019 መንግሥት ባይጠቀልለው ኖሮ ከሦስት መቶ በላይ ሠራተኛ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር። ጎረቤቴ እዚያ በያጅ ነው። አባቱም እዚያ በያጅ ነበር። ልጁ አሁን ሙያ እየተማረ ነው።

ቱርክ ብናሠራ ይረክሳል ይባላል። ከዚያ በኋላ አራት መርከብ ቱርክ ታዟል። እሺ ይርከስ። የዚህ ሠፈር ሥራ ግን አንካራ አይገዛልንም። መንግሥት ሥራ ለማዳን ሲል ገንዘብ ቢያወጣ ምን ነውር አለው?

---

ሳይት ኢንጂነር መለሰ፦

@ፖርት ግላስጎው ሠፈሬ ነውር የለውም። ግን እንደዚያ ከሆነ "ሥራ ለማዳን ነው፣ ይህን ያህል ተጨማሪ እንከፍላለን" ብሎ ጽፎ ምክር ቤት ማቅረብ ነበረበት። አባላቱ ያንን ይመዝኑ ነበር። ምናልባት ብዙዎቹ ይስማሙ ነበር። በ97 ሚሊዮን ሁለት ፌሪ አገኛችሁ ብሎ ማቅረብ ሌላ ነገር ነው።

---

ክላይድ ዳር መለሰች፦

@ፖርት ግላስጎው ሠፈሬ የጎረቤትህ ነገር ልቤን ነክቶታል፣ ሠራተኞቹን የሚወቅስ እዚህ የለም። እነሱ የተሰጣቸውን ንድፍ ነው የሠሩት። ንድፉ ራሱ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ሲያከራክር ነበር። አራን ደሴት ያሉትንም ግን አስባቸው። 5 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ነው። ምግቡም፣ ቱሪስቱም፣ ሐኪም ቤት የሚሄደው በሽተኛም በፌሪ ነው። ዋናዋ የአራን መርከብ የነበረችው በ1993 የተሠራች ናት። በጃንዋሪ 2024 ለጥገና ወጥታ ወራት ቀረች። ምትኳ በ2018 መምጣት የነበረባት ግሌን ሳኖክስ ነበረች። ግሌን ሳኖክስ ስትመጣም የተለመደው የአርድሮሳን ወደብ አይችላትም። ከትሩን ወደብ ነው የምትነሣው።

@ሳይት ኢንጂነር ያልከው ነገር በኋላ ሆኗል እኮ! መንግሥት የግሌን ሮዛን ዋጋ አስመረመረ። ሒሳቡ ሲሠራ እሷን ከመጨረስ አዲስ ማዘዝ እንደሚያዋጣ ታየ። በስኮትላንድ አሠራር የመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ ኃላፊ "ይህ ወጪ አያዋጣም" ካለ፣ ሚኒስትሩ ግን ይሁን ካለ፣ ሚኒስትሩ በጽሑፍ ማዘዝ አለበት። ያ ጽሑፍ ለዋና ኦዲተሩና ለምክር ቤቱ የኦዲት ኮሚቴ ይላካል። በሜይ 2023 የኢኮኖሚ ሚኒስትር የነበሩት ኒል ግሬይ ይህን ጽሑፍ ፈረሙ። ደሴቶቹ መርከቧን ቶሎ ይፈልጋሉ፣ የፋብሪካውም ነገር አለ ብለው ምክር ቤት ቆመው አስረዱ።

በውሳኔው መስማማት አለመስማማት ይቻላል። ነገር ግን ስም አለ፣ ቀን አለ፣ ምክንያት አለ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ አባል ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

---

መዝገብ ቤት መለሱ፦

ልጄ፣ ይህን ስላነሳሽ ተባረኪ። በ2015 ይህ ቢደረግ ኖሮ ኮሚቴው ዓመታት ወረቀት ሲፈልግ አይኖርም ነበር።

የኮሚቴውን ሥራ ትንሽ ልዘርዝር፣ ትዝብት 12 የሐሙሱን ብቻ ስላየ። የሐሙሱ መድረክ የፖለቲካ ነው። ሥራው ያለው ኮሚቴው ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ ሪቻርድ ሌናርድ የተቃዋሚ ፓርቲ ሰው ነበሩ፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ኮሚቴው ኦዲተሩን ሰማ። ቀጥሎ ሲማልን፣ ፋብሪካውን፣ የመንግሥት ሠራተኞቹን። በሴፕቴምበር 2022 ውሉ ሲጸድቅ የትራንስፖርት ሚኒስትር የነበሩትን ዴሪክ ማካይን ጠራ። ሰውየው ከሥልጣን ከወረዱ ቆይተዋል፣ ግን መጥተው መለሱ። በኖቬምበር 2022 ኒኮላ ስተርጅን ራሳቸው በቀዳማዊት ሚኒስትርነታቸው ኮሚቴው ፊት ተቀመጡ።

በመሀሉ፣ በሜይ 2022፣ አንድ አጭር ኢሜይል ተገኘ ተባለ። ኦክቶበር 9 ቀን 2015 የተጻፈ ነው። ሚኒስትሩ ተስማምተዋል፣ ነገሩ በፍጥነት ይሂድ የሚል ይዘት ያለው። ያቺ ናት የ97 ሚሊዮን ፓውንድ ውሳኔ ሰነድ። ማን እንደተስማማ ትናገራለች። ለምን እንደተስማማ ግን አትናገርም። ዋስትናው ሳይሟላ አደጋው እንዴት ተመዘነ? በማን? ምን አማራጭ ቀርቦ ነበር? ለእነዚህ የተጻፈ መልስ የለም። ኮሚቴውም በማርች 2023 ሪፖርቱ የመዝገብ አያያዙን በብርቱ ነቅፏል።

እኔ በሥራ ዘመኔ ለወጣት ኦዲተሮች የምነግራቸው ነበር። "ተፈቅዷል" የሚል ወረቀት ስታገኙ አትደሰቱ። "ስለዚህና ስለዚህ ተፈቅዷል" የሚለውን ፈልጉ።

---

ትዝብት 12 መለሰ፦

ጋሼ፣ የኮሚቴውን ነገር አልተከታተልኩትም ነበር፣ እውነትዎን ነው። ግን ልጠይቅዎ። ኮሚቴው ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ሪፖርት ጻፈ። መንግሥትም ለሪፖርቱ መልስ ሰጠ። ከዚያስ? ገንዘቡ ተመለሰ? ሰው ተጠየቀ? ቅጣት የሌለው ምርመራ ምን ይሠራል?

---

መዝገብ ቤት መለሱ፦

ልጄ ትዝብት፣ ገንዘቡ አልተመለሰም፣ አይመለስም። ኮሚቴ ፍርድ ቤት አይደለም። ሥራው ቀጣዩ ሚኒስትር ሳይጽፍ መወሰን እንዳይችል ማድረግ ነው። የ2015ቱን ኢሜይልና የ2023ቱን ትእዛዝ አስተያይ። ያ ለውጥ ከሰማይ አልወረደም። ስምንት ዓመት ጥያቄ ነው ያመጣው። ውድ ትምህርት ነው፣ አልክድም።

ምክር ቤቱ ጥርስ የለውም እንዳትል ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስህ። በጃንዋሪ 2009 የስኮትላንድ መንግሥት ዓመታዊ በጀት ምክር ቤት ቀርቦ ድምፁ 64 ለ64 እኩል ወጣ። አፈ ጉባኤው በወሳኝ ድምፃቸው ጣሉት። በጀት ወደቀ! መንግሥት በሳምንቱ ተደራድሮ፣ አስተካክሎ ይዞ መጣና በሰፊ ድምፅ አለፈ። ጥርሱ በጀት ላይ ነው ያለው። አባላቱ ጥያቄያቸውን ከበጀቱ ጋር ሲያያይዙት ያኔ መልስ በፍጥነት ይመጣል።

---

ቤልፋስት ነኝ መለሰ፦

ሰላም። የሰሜን አየርላንዱን ካልነገርኳችሁ ክሩ ይጎድላል። እኛ ጋ በዚህ ዓይነት ጉዳይ መንግሥት ራሱ ፈርሷል።

በ2012 የቤልፋስቱ መንግሥት በእንጨት የሚሠራ ማሞቂያ ለሚያስገቡ ድርጅቶችና ገበሬዎች ድጎማ ጀመረ። አየር እንዳይበከል ነው ሐሳቡ፣ መልካም ነው። እንግሊዝ ያለው ተመሳሳይ ድጎማ ግን አጠቃቀሙ ሲበዛ ክፍያው የሚቀንስበት ደረጃ ነበረው። ቤልፋስት ያንን አውጥቶ ቀዳው። ለ1 ፓውንድ ማገዶ ወደ 1.60 ፓውንድ ድጎማ ይከፈል ጀመር። ብዙ ባነደድክ ቁጥር ብዙ ታተርፋለህ። ባዶ መጋዘን የሚያሞቅ ገበሬ አለ የሚል ጥቆማ ሁሉ መጣ። የ20 ዓመቱ ትርፍ ወጪ እስከ 490 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ ይችላል ተብሎ ተሰላ።

አሁን ጥያቄና መልሱን ተመልከቱ። የድጎማው ደንብ በምክር ቤቱ አልፎ ነው የጸደቀው። ያቀረቡት ሚኒስትር አርሊን ፎስተር ናቸው። በኋላ ጉዳዩን ለማጣራት ለተቋቋመው ኮሚሽን ሲመሰክሩ ደንቡን ራሳቸው እንዳላነበቡት አመኑ። አባላቱም ያንን ቀዳዳ ሳያዩ አሳለፉት። ቀዳዳውን ያየችው አንዲት ተራ ነጋዴ ሴት ናት። ከ2013 ጀምሮ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፈች። ሰዎች መስኮት ከፍተው ማሞቂያ እያነደዱ ነው አለች። የሰማት አልነበረም። የድጎማው በር የተዘጋው በ2016 መጀመሪያ ነው።

በዚያ ዓመት የኦዲት መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት አወጣ፣ የምክር ቤቱ የሒሳብ ኮሚቴም ምርመራ ጀመረ። ዲሴምበር ላይ አገሩ ታመሰ። በጃንዋሪ 2017 ምክትል ቀዳማዊ ሚኒስትሩ ማርቲን ማጊነስ ለቀቁ። በኛ ሕግ አንዱ ወገን ከወጣ መንግሥቱ አይቆምም። ሦስት ዓመት ሙሉ ምክር ቤቱ አልሠራም። ሦስት ዓመት! የሆስፒታል ወረፋ ሲረዝም የሚጠየቅ ሚኒስትር አልነበረም።

ጋሽ መዝገብ ቤት የሚወዱትን ነገር ደግሞ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት። የሲቪል ሰርቪሱ የበላይ የነበሩት ዴቪድ ስተርሊንግ ለአጣሪ ኮሚሽኑ ሲመሰክሩ፣ ከሚኒስትሮች ጋር የሚደረጉ ስብሰባዎችን ቃለ ጉባኤ የመያዝ ልማድ ላልቶ እንደነበር ተናገሩ። አንዱ ምክንያት ሰነዱ በመረጃ ነፃነት ሕግ ተጠይቆ እንዳይወጣ ነው።

---

መዝገብ ቤት መለሱ፦

ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሳይጽፉ የቀሩት ረስተው አልነበረም ማለት ነው። ይህ በጣም ያስቆጣኛል። ሕዝብ የማየት መብት ስላገኘ የሚታየውን ነገር ማጥፋት!

---

ትዝብት 12 መለሰ፦

ስኮትላንድም በኮቪድ ጊዜ ይኸው ሆኗል። ኒኮላ ስተርጅን በጃንዋሪ 2024 ለኮቪድ አጣሪ ኮሚሽን የዋትስአፕ መልእክቶቻቸው እንዳልተቀመጡ ተናግረዋል። ጫጫታው ከበዛ በኋላ መንግሥት በ2024 መጨረሻ ዋትስአፕን ከሥራ ስልኮች አወጣለሁ አለ። እኔም ቀስ በቀስ ወደ ጋሼ ሐሳብ እየመጣሁ ነው።

---

ፖርት ግላስጎው ሠፈሬ መለሰ፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ምክር ቤቱ ራሱም ንጹሕ አይደለም። ኤድንብራ ውስጥ ሆሊሩድ ያለው ሕንፃው መጀመሪያ እስከ 40 ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ በ414 ሚሊዮን ነው ያለቀው። ሦስት ዓመት ዘግይቶ በ2004 ተከፈተ። ስለዚህ ፋብሪካችን ላይ ብቻ አትፍረዱ።

ጽሑፍ ይኑር በሚለው ግን እስማማለሁ። ሥራ ለማዳን ከሆነ ይጻፍ። እኛም በዚያ ወረቀት እንከራከርበታለን፣ እንደ ለማኝ አንታይም።

---

የመንትዮች እናት መለሰች፦

ሁላችሁም ሰላም። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ የስደተኛ ፈቃድ አግኝቼ ግላስጎው እኖራለሁ፣ ዜግነት ገና ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እኔ ለማን ማቅረብ እችላለሁ? ዜጋ ያልሆነ ሰው ይሰሙታል? መንትዮቼ 16 ሊሞላቸው ነው፣ እነሱም ይጠይቁኛል።

---

ክላይድ ዳር መለሰች፦

እህቴ፣ ይሰሙሻል፣ ግዴታቸውም ነው። ዜግነት አይጠይቁሽም። አድራሻሽ ስኮትላንድ ከሆነ አንድ የምርጫ ክልል አባልና ሰባት የአካባቢ አባላት አሉሽ። ስምንቱም የአንቺ ተወካይ ናቸው። ምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ፖስታ ኮድሽን ስታስገቢ ስማቸው ይመጣል። ኢሜይል መጻፍ ትችያለሽ። ቢሮ ተቀምጠው ሰው የሚያነጋግሩበት ቀንም አላቸው።

ምርጫውንም ብዙ አበሻ አያውቀውም። በ2020 የወጣው ሕግ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ለስኮትላንድ ምክር ቤትና ለአካባቢ ምክር ቤት እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ስደተኝነቱ የተፈቀደለት ሰው ይመርጣል። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ጥገኝነት ጠያቂ ግን አይችልም። ለለንደኑ ፓርላማም አይሆንም። ዕድሜው 16 ነው፣ ስለዚህ መንትዮችሽም ይደርሳቸዋል። መታወቂያ ይዘሽ ሂጂ የሚል ሕግ ለኤድንብራው ምርጫ የለም፣ አስቀድሞ መመዝገብ ግን ግድ ነው።

ስትጽፊላቸው አጭር አድርጊው። "ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ለመንግሥት አቅርቡልኝ" በይ። አባሉ በጽሑፍ ካስገባው መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት። መልሱም ሁሉ ሰው በሚያየው መዝገብ ላይ ይወጣል።

---

መዝገብ ቤት መለሱ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ውስጥ "መቼ ተወሰነ፣ ማን ወሰነ፣ ምክንያቱ የተጻፈበት ሰነድ ይሰጠኝ" የሚሉትን ሦስቱን አስገቢ። "ለምን አልተሠራም" ብቻ ካልሽ "እየተሠራ ነው" ብለው ይመልሱሻል።

---

የመንትዮች እናት መለሰች፦

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የኔ ጥያቄ የልጆቼ ትምህርት ቤት ስለተቀነሰው የቋንቋ ረዳት ነው። በእንግሊዝኛ መጻፉ ላይ ትንሽ እፈራለሁ።

---

ክላይድ ዳር መለሰች፦

አትፍሪ። በአማርኛ ጻፊና በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አብረን እንገለብጠዋለን። የትምህርት ቤቱን ስም፣ ረዳቷ የቆመችበትን ወር፣ ከትምህርት ቤቱ የመጣ ደብዳቤ ካለም ፎቶውን ጨምሪበት። የረዳቶች ቅጥር የአካባቢው ምክር ቤት ጉዳይ ስለሆነ አንዱን ቅጂ ለካውንስለርሽ፣ አንዱን ለኤድንብራው አባል እንልካለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ።